የጣዕሙን ግጥም ያረምኩበት ሳምንት

በቶሮንቶ ከተማ የዴንማርክ ግጥም የቱ ጋ እንደሚያነክስ በጆሮው ብቻ የሚለይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። በመላው ካናዳ ብልም የሚከራከረኝ የለም፤ ሌላ ሐበሻ እዚያ ሥራ ውስጥ ስላልነበረ ውድድሩን ያሸነፍኩት ብቻዬን ሮጬ ነው። የግጥም ወረቀት ሲሰጡኝ ከላይ እስከ ታች አየት አደርግና፣ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠጠር አለ» እል ነበር። ጠጠሩም ይገኝ ነበር። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል።

አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የጎደለችኝ፤ ዴንማርክኛ አልችልም። ከቋንቋው የማውቀው አሥራ አንድ ቃል ነው። ዘጠኙ የምግብ ነገር፣ አንዱ «አመሰግናለሁ»፣ አንዱ ደግሞ በጨዋ ሰው ፊት የማይነገር።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ሥራው ስለሞተ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ የሞተው ሥራው ነው። ዛሬ ማንኛውም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር የሠርግ ጥሪውን ራሱ ያዘጋጃል፤ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ቢደገፉ ግድ አይሰጠውም። የምሠራበት ሱቅ ተዘጋ፤ እኔም የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ጀመርኩ። ጠዋትና ማታ ስድሳ ሕፃናት ከኋላዬ ይጮኻሉ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንዳንዴ ምት ያለው ነገር እሰማና መሪውን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። በሽታው አልለቀቀኝም ማለት ነው።

በሽታው የያዘኝ አዲስ አበባ ነው። እዚያ በአንድ ማተሚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ፊደል ለቃሚ፣ ኋላ አራሚ። አለቃችን የግጥም ገጽ ሲመጣ የሌላውን ሁሉ ሥራ ያስቆሙ ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስንኙን በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። አንዲት ቀለም ከተረፈች ገጣሚው ሚኒስትርም ቢሆን ስልክ ተደውሎ ይጠራል። «ጌታዬ፣ እዚህ ጋ አንዲት እግር ተርፋለች። እንቁረጣት ወይስ ጫማ እንግዛላት?» ይሉታል። የስንኝ መጨረሻ ላይ ያው ቃል ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ቆሸሸ ሸሚዝ በሁለት ጣት ያነሡና፣ «ይሄ ሰውዬ ቃሉን ከራሱ ጋር አጋባው!» ብለው ይጮኻሉ። እኔ ከሳቸው የተማርኩት ይህን ነው። ልኩ እኩል ይሁን፤ ቃልን ከራሱ ጋር አታጋባ። ይኼ ትምህርት አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ምን እንዳደረገኝ ትሰማላችሁ።

ቶሮንቶ እንደገባሁ ኖርዝ ዮርክ አንድ ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ አጸዳሁ። ከዚያ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ጠበቅኩ፤ በአንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንደ ሙዚየም ዕቃ ተቀምጬ ሁለት ክረምት። የደመወዙን ነገር አታንሡብኝ። አንድ ቀን የአንድ ጓደኛችንን የሠርግ ጥሪ ለማሠራት ኢስት ዮርክ፣ ከዳንፎርዝ መንገድ ትንሽ ገባ ወዳለች ማተሚያ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ስታቭሮ የሚባል ግሪክ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ላይ የሚደርስ። ግድግዳው ላይ የግሪክ ክርስትና ጥሪ ተለጥፏል። አየሁትና፣

«ይቺ ፊደል ከጎረቤቷ ጋር ተጣልታለች» አልኩት።

«ግሪክኛ ትችላለህ?»

«አልችልም። ጠብ ግን አውቃለሁ።»

መነጽሩን አምጥቶ አየ። ፊደሏ በእርግጥም አንድ ፀጉር ያህል ወደ ጎን ሸሽታለች። ስታቭሮ ማንን እንደሆነ እንጃ በግሪክኛ ሰደበ፤ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሱቃችን ለስደተኛ ሁሉ ነበር የሚያትመው። ግሪኩ፣ ፖርቱጋሉ፣ ዴንማርኩ፣ ሁሉም የራሱን ማኅበር በዓልና የራሱን ሙት ዓመት ይዞ ይመጣል። ማሽናችን ፊደሉን በብርሃን የፎቶ ወረቀት ላይ ይጥለዋል፤ ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ ታጥቦ ይወጣል፤ እኛ በምላጭ ቆርጠን፣ ጀርባውን ሰም ቀብተን፣ ገጹ ላይ እንለጥፈዋለን። አንዲት ኮማ ስትሳሳት ኮማዋን በምላጭ ጫፍ አንሥተህ ሌላ ኮማ ትተክላለህ። ካስነጠስክ ኮማዋ ጠፋች ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ አስነጥሼ የፖርቱጋሎችን ሙሉ አንቀጽ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ በትኜዋለሁ። እሺ፣ አንድ መስመር ነው።

እዚያ ነው ወይዘሮ ኢንገርን ያገኘሁት። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት፣ ዴንማርካዊት፣ ረጅምና ቀጭን፣ የሱቁ አራሚ። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «አንቱ» የማይለይ ቋንቋ ቢሆንም እኔ በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ብያቸዋለሁ። አረንጓዴ እርሳሳቸው በክር ከሹራባቸው ቁልፍ ጋር የታሰረ ነው፤ ሲነሡ አብሮ ይነሣል። ቀይ እርሳስ አይነኩም፤ «ሰው ስህተቱን ሲያይ ደም ማየት የለበትም» ይላሉ። ተራ ጽሑፍ ሲያርሙ ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ኋላ ያነባሉ፤ ወሬው ልባቸውን እንዳይወስደው። ግጥም ሲሆን ግን ይነሣሉ፣ የቀኝ እግር ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጮክ ብለው እያነበቡ ወለሉን በተረከዛቸው ይመታሉ። ጠንካራው ድምፅ ላይ ተረከዝ ያርፋል፤ ደካማው ላይ አየር ላይ ይቆያል።

ከዚህ ሌላ አንዲት ቆርቆሮ አለቻቸው። ውስጧ ጥቁር ከረሜላ ነው፤ ጨው ያለበት። ጎማ በጨው ውኃ ተቀቅሎ ስኳር ዘንድ ደርሶ ሳይገባ የተመለሰ ቢባል ይሻላል። ሥራ ሲጀመር አንድ ለሳቸው፣ አንድ ለእኔ። «የአራሚ ምላስ ተኝቶ ዓይኑ አይነቃም» ይላሉ። የመጀመሪያውን ቀን አልቅሻለሁ። በሦስተኛው ወር ራሴ መለመን ጀመርኩ።

ግጥምን እንዴት እንደሚቆጥሩ ሲያስተምሩኝ ጣቶቼን አዩ። እንደ ጥንቱ አለቃዬ ቀለሙን ሁሉ አንድ በአንድ እያጠፍኩ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እቆጥራለሁ።»

«አንተ የምትቆጥረው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው በሙሉ ነው። እኛ የምንቆጥረው የቆሙትን ብቻ ነው። የተቀመጡት አንድም ይሁኑ ሦስት ግድ የለንም።»

ገባኝ አልኩ። ጭንቅላቴ ገብቶት ነበር። ጣቶቼ ግን ስብሰባው ላይ አልነበሩም።

ያኔ የምኖረው ሪጀንት ፓርክ፣ ከሸምሱ ጋር ነው። ሸምሱ የወሎ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ በሰው መሳቅ የሚወድ። በስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ ስመለስ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ይጠይቀኛል።

«ዛሬ የዴንማርክ ግጥም ሳርም ዋልኩ።»

«ወላሂ? ምን ይላል?»

«እሱን አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን አረምከው?»

«ቤት መምታቱን።»

«አይ ጋሽ መኩሪያ! ይሄማ ሰው በማያውቀው ሰፈር ቤት ሲያከራይ ነው» ይልና እስኪያስለው ይስቃል።

ወደ ሳምንቱ ልምጣ። ኒልስ የሚባሉ ሰማንያ ሊሞላቸው የደረሱ የዴንማርክ ሽማግሌ ሥራ ይዘው መጡ። ወጣት ሳሉ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ ኋላ ከተማው ውስጥ ዳቦ ጋገሩ። ቅዳሜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልስ ሰባ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል፤ የዴንማርኮቹ ማኅበር አዳራሽ ምሳ ተዘጋጅቷል። ለዚያ የሚሆን አሥራ ስድስት ገጽ መጽሔት፣ ሁለት መቶ ቅጂ። ጽሑፉን ራሳቸው በአሮጌ ታይፕ መትተውታል፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቃል ይደግማሉ። «እና እና»፣ «መርከቡ መርከቡ»። ወይዘሮ ኢንገር አንድ ሁለት ገጽ አሳዩኝና፣ «እንዲህ ሁለቴ የተመታ ስታይ አንዱን አውጣ» አሉኝ።

መሀል ገጽ ላይ ግጥም ነበረች። ርዕሷ «ስሜይ»፤ ጣዕም ወይም ቅመስ ማለት ነው፣ ከአሥራ አንዱ ቃሎቼ አንዱ። አራት አርኬ ናት፤ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራ። እያንዳንዱ አርኬ አራት ስንኝ። አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝ ቤት ይመታሉ፤ «ብሮድ» ከ«ሶድ»፣ ዳቦ ከጣፋጭ፤ ጨዋማው ጋ ደግሞ «ሳልት» ከ«አልት»፣ ጨው ከሁሉም ነገር። ሁለተኛው ስንኝ የሚያልቀው «ኤን» በሚል ድምፅ ነው፤ አራተኛው ሁልጊዜ «ስሜይ ኢጌን» ይላል፤ እንደገና ቅመሺ። እስከዚህ ድረስ ሐር ናት።

ግን የመጀመሪያው አርኬ መዝጊያ «ስሜይ» አንድ ጊዜ ነው ያለው። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ሦስት፤ አራተኛው አራት። «ስሜይ፣ ስሜይ፣ ስሜይ፣ ስሜይ ኢጌን።»

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ወይዘሮ ኢንገር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። እኔ ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርኩ። ሦስት ቀለም፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ዓይኔ እያየ ስንኙ እንደ ሊጥ ከገበታው ሲፈስ! ሽማግሌው እጃቸው ተንቀጥቅጦ፣ ቃሉ ተደጋግሞ፣ እኔ ባልደርስላት ይቺ ምስኪን ግጥም ምን ልትሆን ነበር? ምላጬን አነሣሁ። የተረፈውን «ስሜይ» ሁሉ አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ ስድስት ነበር። አራቱንም አርኬ በአንድ ልክ ዘጋኋቸው። ራቅ ብዬ አየሁት። እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ አለ። የጥንቱ አለቃዬ ቢያዩኝ ይስሙኝ ነበር።

ወይዘሮ ኢንገር ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ግማሽ ፊታቸው በመርፌ ደንዝዞ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቷል። ጥቁሩን ከረሜላ ሞክረው፣ «አይሰማኝም» ብለው ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ግጥሙን ቆመው ማንበብ አልቻሉም፤ ከንፈራቸው እንቢ አለ። «አይተኸዋል?» አሉኝ። «እንደ ሐር ነው» አልኩ። በአረንጓዴው እርሳስ ማረሚያው ወረቀት ግርጌ ፈረሙ። ረቡዕ ታተመ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሽማግሌው ኒልስ የመጀመሪያውን ቅጂ ሊያዩ መጡ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። ሳቅ። ወረቀት። እንደገና ሳቅ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ስታቭሮም እንዲሰማ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት፤

«ኢንገር፣ ማንኪያዎቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ማንኪያዎች?»

«አሥር ነበሩ። አራት ነው ያለው።»

«ሰውዬ፣» አለ ስታቭሮ፣ «መጽሔት ነው ያዘዝከው ወይስ የወጥ ቤት ዕቃ?»

ኒልስ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቀስ ብለው አስረዱ። ኤልስ አንድ ክረምት ታመው ተነሡ፤ ምላሳቸው ግን አብሯቸው አልተነሣም። ዳቦውም፣ ዓሣውም፣ ሁሉም ካርቶን ሆነባቸው። ምግብ ማብሰል ሥራው ለሆነ ሰው፣ ሚስቱ የማትቀምስ ከሆነ ምን ሊያደርግ ነው? በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ፊታቸው ተቀምጠው በማንኪያ ያቀምሷቸው ነበር። ስኳር አንድ ማንኪያ። ምንም። ኮምጣጤ ሁለት ማንኪያ። ምንም። ጨው ሦስት። ምንም። አንድ ቀን ከመራራው አራተኛው ማንኪያ ላይ ኤልስ «መራራ!» ብለው ማንኪያውን ግድግዳ ላይ ወረወሩና የኒልስን እናት ሳይቀር ሰደቡ።

«በአርባ ዓመት ትዳር እንደዚያ የጣፈጠ ስድብ አልሰማሁም» አሉ ኒልስ። «ቅዳሜ ማንኪያ ይዤ ፊቷ እቆማለሁ። አንድ ‹ስሜይ› ስል አንድ ማንኪያ። መጽሔቱን ይዛ ትከታተላለች፤ የት ላይ አፏን እንደምትከፍት ታውቃለች። አሁን ግን አፏን ከፍታ ስትጠብቅ ግጥሙ ያልቅባታል።»

«የእኔ እርሳስ ነው» አሉ ወይዘሮ ኢንገር።

«አንቺ? የሰው ኮማ ስትለቅሚ ያረጀሽው?»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት። አፌ ደንዝዞ ነበር፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ቅዳሜ አሥሩም ማንኪያ ይኖራል።»

ስታቭሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆይ፣ ይሄን ገጽ የሠራው...»

«ስታቭሮ፣» አሉት፣ «ማሽንህን አሙቅ።»

ኒልስ ከሄዱ በኋላ እኔና ወይዘሮ ኢንገር ተፋጠጥን። ፊታቸው አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ይቅርታህን እሑድ ይዘኸው ሂድ፤ ቤተ ክርስቲያን ይቀበሉሃል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ለምን አራት ጊዜ እንደሆነ ሳትነግረኝ አንዲት ፊደል አትነካም።»

«ነገሩንኮ። አራተኛው ማንኪያ ላይ...»

«እሱ የኒልስ ኑሮ ነው። ግጥሙን ነው የጠየቅኩህ። ማንኪያውን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ምን ይሰማዋል?»

ከምሳ ዕቃቸው ስኳር፣ ኮምጣጤ የጠጣ ዱባ መሰል ነገር፣ ጥቁሩን ከረሜላና ግሬፕፍሩት የሚሉትን መራራ ብርቱካን ልጣጭ አውጥተው ደረደሩ። ጫማቸውን አወለቁ። ማንበብ ጀመሩ። ጣቶቼን ከጠረጴዛው ሥር እንዳላጥፋቸው ሁለቱንም እጆቼን ጭንቅላቴ ላይ አድርግ አሉኝ፤ እንደ ተማረከ ወታደር ተቀመጥኩ። ስታቭሮ በመስኮት አይቶ አማተበ።

ተረከዛቸውን ሰማሁ። በየስንኙ ሦስት ጊዜ ያርፋል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። የተቀመጡት ቀለሞች ይበዛሉ ያንሳሉ፤ የቆሙት ግን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አርኬ መዝጊያ ላይ «ስሜይ ኢጌን» አሉ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፈ። ሦስተኛው ምት ጠፋ። ስኳሩን አፌ ውስጥ አደረጉና በዝምታ አዩኝ።

«አንድ ጎደለ» አልኩ።

«አልጎደለም። ምን እያደረግን ነው አሁን?»

«እየጠበቁኝ ነው።»

«እህ።»

ባዶዋ ምት ኒልስ የሚስታቸውን ፊት የሚያዩባት ነች። ሁለተኛው አርኬ፤ ሁለት «ስሜይ»፣ ሁለት ቁራጭ ኮምጣጣ። ምቱ ልክ ሦስት ሞላ፤ መልስ መጠበቂያ ቦታ የለም፤ ሰውዬው እየተጣደፉ ነው። ሦስተኛው፤ ሦስት ከረሜላ ባንድ ጊዜ፤ ምቱ አራት ሆኖ ከልኩ አለፈ። አራተኛው ላይ ልጣጩን ሲያቀርቡ፣

«ወይዘሮ ኢንገር፣ እኔ ኮሶ ጠጥቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በመራራ አያስፈራሩኝም» አልኩ። ኮሶ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው፣ ትሉ ምን ያህል ርዝመት እንደነበረውም ትንሽ ጨምሬ ስነግራቸው፣ ልጣጩን ለአፍታ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ግን አራቱንም አጎረሱኝ። «ስሜይ። ስሜይ። ስሜይ። ስሜይ ኢጌን።» አምስት ምት።

ያኔ ነው ሌላውም የተሰማኝ። ሁለተኛው ስንኝ «ቬን» ብሎ፣ ወዳጄ ብሎ፣ ያልቃል፤ ጆሮዬ «ጌን» የሚለውን ይጠብቃል፤ ቤቱ ሊመታ ነው። ግን በእያንዳንዱ «ስሜይ» ያ የምጠብቀው ድምፅ አንድ እርምጃ ይርቅብኛል። የመጀመሪያው ላይ ቶሎ ይመጣል። አራተኛው ላይ የማይመጣ ይመስላል። ሰውዬው ቃል አጥተው ወይም እጃቸው ተንቀጥቅጦ አይደለም የሚደግሙት። ተስፋ መቁረጥን በልኩ እየሰፉ ነው። እኔ በምላጬ የቆረጥኩት ያንን ነው። ሰልፉን አስተካክዬ ሰውየውን አስወጣኋቸው።

ይህን በዚህ አማርኛ አላልኩትም። በእንግሊዝኛዬ ያልኩት፣ «እሱ ይለምናል፤ ቤት መምቻው ይዘገያል፤ ልቤ ይፈራል» ነው። ወይዘሮ ኢንገር ጫማቸውን አጠለቁ።

«አሁን ምላጭህን አንሣ» አሉኝ።

ዓርብ ዕለት ከጠዋት እስከ ከሰዓት በሙሉ መጽሔት ስንፈታ ስንሰፋ ዋልን። ደግነቱ ግጥሟ መሀል ገጽ ላይ ናት፤ የሽቦ ስፌቱን ነቅለህ፣ ያን አንዱን ወረቀት አውጥተህ፣ አዲሱን አስገብተህ ትመልሳለህ። ሁለት መቶ ጊዜ። ሸምሱን ኮል አደረግኩት፤ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ መጣና ሽቦ መንቀል ያዘ።

«ያን ያከራየኸውን ቤት ነው የምናፈርሰው?» አለኝ በአማርኛ።

«ዝም ብለህ ንቀል።»

«አብሽር ወንድሜ። እኔኮ የሚያሳዝነኝ ተከራዮቹ ናቸው።»

ወይዘሮ ኢንገር ከቆርቆሯቸው አንድ አቀረቡለት። ቀመሰ፤ ፊቱ እንደ ፌስታል ተጨማደደ። ተፍቶት ወዴት እንደሚያደርገው እየፈለገ፣ «ጋሽ መኩሪያ፣ እነዚህ ሰዎች ምን በድለሃቸው ነው?» አለኝ። ለሳቸው ግን፣ «ቬሪ ናይስ» አላቸው።

ቅዳሜ መጽሔቶቹን በሸምሱ ታክሲ ጭነን አዳራሹ ደረስን። ወይዘሮ ኤልስ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ ክብ፣ ጉንጫቸው ቀይ፣ መጽሔቱን እንደ ዳዊት በሁለት እጅ የያዙ። ኒልስ ማንኪያቸውን ይዘው ቆሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስኳሩ ግማሹ የሚስታቸው ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ ምት እቆጥራለሁ። ሁለት፤ ጥበቃ። ሦስት። አራት። አዳራሹ በሙሉ ከሰውየው ጋር «ስሜይ» ማለት ጀመረ፤ ያ ሁሉ ሽማግሌ ወለሉን በተረከዙ እየመታ። መራራው ላይ ሲደርሱ፣ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ወይዘሮ ኤልስ ትዕግሥታቸው አለቀና «መራራ!» ብለው ጮኹ።

«ገና ነው! አንድ ይቀራል!» አሉ ኒልስ፤ ይሄን ያህል ዴንማርክኛ የገባኝ ከጣታቸው ነው። አሥረኛውን ማንኪያ በግድ አጎረሷቸው። ሴትየዋ ዋጡት፤ ማንኪያውን ቀምተው ግን በዚያ በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ወረወሩት። ያን የመሰለ ሳቅ በዚህ አገር ሰምቼ አላውቅም። ሸምሱ አንድም ቃል ሳይገባው እንባው እስኪወርድ ስቋል።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ በሱቃችን ማረሚያ ወረቀት ግርጌ ሁለት የፊርማ መስመር ገባ። አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ወይዘሮ ኢንገር ያዘዙት ነው፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ፈረምን፤ ጡረታ ሲወጡም መስመሯን አላስፋቁም። ስለዚያች ግጥም ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም፤ በቀልድ እንኳ። በኑሮዬ ብዙ ሰው ረድቶኛል፤ የመኖሪያ ወረቀት ያሟላልኝ አለ፣ ያስጠለለኝ አለ። የእኔን ስህተት በራሳቸው እርሳስ ስም ተቀብለው፣ ከዚያ ግን ስህተቱ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ አላስነሣም ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳመሰግን ብኖር አልጨርሰውም፤ ይቺን እንኳ ሳላጋንን ነው የምላት።

ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየክርስትናው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ሺህ ጊዜ ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅም። ሁልጊዜም ኒልስ «ማንኪያዎቹ የት ሄዱ?» ያሉበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ «ብድግ አልኩና ‹ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› አልኳቸው፤ ወይዘሮ ኢንገር ግን ዝም በል አሉኝ» እላለሁ። ሰው ይወድልኛል።

ውሸት ነው። ብድግ አላልኩም። ሽማግሌው ወደ መሀሉ ገጽ ሲገልጡ ዝም ማለታቸውን ስሰማ፣ ቀስ ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌያለሁ። የተናገሩትን ሁሉ የሰማሁት ከስስ ጣውላ ጀርባ ነው። ሥራ ላይ ያለሁ እንዲመስል ሁለት ጊዜ ውኃ ለቅቄያለሁ። ወይዘሮ ኢንገር መጥተው በሩን መታ መታ አድርገው፣ «ሄዷል፤ ውጣ» ሲሉኝ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር።